የምናባዊና የተጨማሪ እውነታ ቴክኖሎጂዎች በሥራ ላይ

ለጨዋታ ብቻ የተፈጠሩ ይመስሉ የነበሩት የምናባዊና የተጨማሪ እውነታ ቴክኖሎጂዎች ዛሬ በልዩ ልዩ የሥራ መስኮች አገልግሎት ላይ ውለዋል።

ምናባዊ እውነታ ወይም ቨርቹዋል ሪያሊቲ ተጠቃሚውን በልዩ መነጽር አማካኝነት በኮምፒውተር ወደተፈጠረ ዓለም ያስገባል። ተጨማሪ እውነታ ወይም ኦግመንትድ ሪያሊቲ ግን በገሃዱ ዓለም ምስል ላይ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ይደርባል።

የአሜሪካው ዋልማርት እ.ኤ.አ. በ2018 ለሠራተኞቹ ሥልጠና 17 ሺህ መነጽሮችን ለመደብሮቹ እንደሚያከፋፍል አስታውቋል። በሕክምናው መስክ ደግሞ የደም ሥርን ካርታ በቆዳ ላይ የሚያሳዩ መሣሪያዎች መርፌ ለሚወጉ ባለሙያዎች ያግዛሉ።

በቨርደንና በሌሎች የቤይሩት ሰፈሮች ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይበልጥ ቅርብ የሆነው አገልግሎት በእጅ ስልክ የሚገኘው ነው። የጉግል የትርጉም መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን አካትቷል፤ በ2019 ደግሞ ዐረብኛን በካሜራ ወዲያውኑ ከሚያነባቸው ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሏል። ካሜራው በዐረብኛ ጽሑፍ ላይ ሲነጣጠር የአማርኛ ትርጉሙ በላዩ ተደርቦ ይታያል።

ይህ ለጤና ጭምር ይጠቅማል። በረኪና አሲድ ካለው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያመነጫል፤ የጠርሙሱን ማስጠንቀቂያ ማንበብ የቻለ ሠራተኛ ከዚህ አደጋ ራሱን ይጠብቃል።

ይሁንና የመሣሪያ ትርጉም ሊሳሳት ይችላል፤ በተለይ የእጅ ጽሑፍና የደበዘዘ ኅትመት ያስቸግሩታል። ስለዚህ የመድኃኒት መጠንን ከፋርማሲ ባለሙያ ማረጋገጥ፣ የሥራ ውልንም ከመፈረም በፊት ቋንቋውን በሚገባ ለሚያውቅ ሰው ማስነበብ ያስፈልጋል።