የቅንጡ ሳፋሪው ገንዘብ የማን ነው? ከጫጫ እስከ ጓሳ

ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ ሲወጡ ደብረ ብርሃን ከመግባትዎ በፊት ጫጫን ያገኛሉ። የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ናት። በመንገዱ ግራና ቀኝ የገብስ ማሳ፣ በየደጁ የተቆለለ ኩበት፣ አስፋልቱን የሚያቋርጥ የበግ መንጋ ይታያል። በደህናው ጊዜ ድንኳንና ምግብ የጫኑ የአስጎብኚ ድርጅት ላንድክሩዘሮች በዚህ በኩል ይመላለሱ ነበር። የሚሄዱት አንኮበር ወፍ ለማየት፣ ጣርማ በርን አልፎም ጓሳ ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። ስንቁና ውኃው ከአዲስ አበባ ስለሚጫን ጫጫ ላይ የሚወርድ እንግዳም የሚቀር ብርም እምብዛም አልነበረም።

ይህ አገር ለሳፋሪ ታሪክ እንግዳ አይደለም። እንግሊዛዊው ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1836 እና 1837 ደቡባዊ አፍሪካን ለአደን ብቻ አቋርጦ፣ ያየውንና የገደለውን በመጽሐፍ አሳትሟል። ለደስታ ሲባል ብቻ የሚደረገውን የአፍሪካ አደን ጉዞ ከጀመሩት አንዱ እሱ ነው። ይኸው ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሸዋ ገባ፤ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከንጉሡ መናገሻዎች አንዷ አንጎለላ ነበረች፤ በ1836 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱባት ያቺው አንጎለላ። የአደን ሳፋሪ ፋና ወጊ በእንግድነት የተቀመጠበት ምድር ዛሬ የሳፋሪ መኪና ሳይቆም የሚያልፍበት መሆኑ ያስቆጫል።

በጎረቤት አገሮች የዱር እንስሳ ጉብኝት ትልቅ ገበያ ነው። ሩዋንዳ ጎሪላ ለሚጎበኝ የውጭ እንግዳ የፈቃድ ክፍያውን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ750 ወደ 1,500 ዶላር ከፍ አደረገች፤ በዚያው ጊዜ ከፓርክ ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚሰጠውን ድርሻ ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳደገች። በኬንያው ማሳይ ማራ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በቀን 200 ዶላር ለመግቢያ ብቻ ይከፍላል። የግል አውሮፕላኑ፣ ለብቻ የተከራየው መኪናና ሎጁ ከዚህ በላይ ነው። ይህን የሚያወጣ ሰው መኖሩ ለእኔ ችግር አይደለም። ጥቂት ሰው ብዙ ቢከፍል መሬቱም ሣሩም ያርፋል። ጥያቄው ብሩ የት ይገባል የሚለው ነው።

እዚያው ማራ ዳር መልስ የሰጡ አሉ። በኦላሬ ሞቶሮጊና በናቦይሾ የማሳይ ባለይዞታዎች መሬታቸውን አቀናጅተው ለካምፖች ያከራያሉ፤ የካምፑና የመኪናው ቁጥር ይወሰናል፤ ባለመሬቱ ኪራዩን በመሬቱ ስፋት ይቀበላል። ድንበሩን ተሻግሮ ታንዛኒያ ሎሊዮንዶ ላይ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 መንግሥት 1,500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የግጦሽ መሬት ለዱር እንስሳ ሲከልል ከማሳዮቹ ጋር ደም ያፋሰሰ ግጭት ተነሣ። እንስሳቱም ጎብኚዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የሚለያየው ባለቤቱ ነው።

እኛ ደግሞ ከማሳዮቹ በፊት መልሱን የሰጠ ሕዝብ አለን። የመንዝ ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሜዳና ረግረግ ነው። ስሙን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ቤት ይከድናል፣ ገመድ ይገመዳል፤ እረኛው ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳም ከእሱ ይሠራል። ከቀደምት አባቶቻቸው ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱት መንዜዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቦታውን ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቀውታል። በመረጧቸው አባ ቀራዎች ትእዛዝ ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ አንዲት እፍኝ ሣር ማጨድ፣ አንድ በሬ ማስገባት አይፈቀድም። ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል፣ ያሰማራል፤ ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ያለ ጊዜው አጭዶ ቤቱን የከደነ ሰው ጎጆው እስከ መቃጠል ይደርስ ነበር። ቅጣቱ የከበደውን ያህል ሕጉ የራሳቸው ነበር።

ያ ጥብቅነት ያቆየው ሀብት ቀላል አይደለም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ የአዋቂዎቹ ቁጥር 500 አይሞላም። ጭላዳ ዝንጀሮም ከኛ ተራራ ውጭ የለም። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ጓሳ ላይ ተቀምጠው ያዩት ነገር ያስደንቃል። ጭላዳዎቹ ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ሲበሉ፣ ቀይ ቀበሮው በመሐላቸው ቀስ እያለ ይራመዳል። ግልገል ታቅፋ የተቀመጠች እናት እንኳ ከቦታዋ አትነሣም። እሱም ግልገሎቹን እምብዛም አይነካም፤ የሚፈልገው አይጥ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ ውስጥ ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ። ለዚህ ትዕይንት በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚከፍል ሰው አይጠፋም። መንዜው ግን ለዘመናት ቦታውን ያቆየው ከጎብኚ አምስት ሳንቲም ሳያገኝ ነው።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቀሮ ሥልጣኑን አጣ። ጓሳውም ተጎዳ፤ ሣሩ ያለ ጊዜው ታጨደ፣ ዳሩ ታረሰ። ሆኖም ሰዎቹ ነገሩን አልተዉትም። ከዓመታት በኋላ ከየቀበሌው በተውጣጣ የጥበቃ ምክር ቤት ሥርዓቱን መልሰው አቆሙ፤ የራሳቸውን ጠባቂዎች መደቡ፤ የፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲ በድጋፍ አብሯቸው ቆመ፤ የማኅበረሰቡ የሆነች ትንሽ ሎጅም ተሠራች።

ከዚህ ጋር የመንግሥት ፓርኮቻችንን ታሪክ ማስተያየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1963 ጁሊያን ሃክስሌ የመሩት የዩኔስኮ ልዑክ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ፓርኮች እንድታቋቁም መከረ። አዋሽ ሲከለል ከረዩና አፋር የግጦሽ መሬታቸውን አጡ። ሰሜን ተራሮች በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ግን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆየ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በርካታ ፓርኮች ተዘረፉ፤ ጽሕፈት ቤታቸው ፈረሰ፣ ዛፋቸው ተቆረጠ። ሕዝቡ ያን ያደረገው እንስሳ ስለሚጠላ አይመስለኝም፤ ፓርኩን መሬቱን የቀማው ጌታ ንብረት አድርጎ ስላየው ነው። በስምጥ ሸለቆ ደግሞ አቢጃታ ሐይቅ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሆኖም ዓይናችን እያየ ሸሽቷል። መከለል ብቻውን አልጠበቀውም።

ዛሬ የቅንጡ ጉብኝት ሐሳብ በአገራችን ተነቃቅቷል። ወንጪ፣ ጣና ዳር ጎርጎራ፣ በጨበራ ጩርጩራ የዝሆን ዳና ሎጅ፤ እንግዳ የሚማርኩ ግንባታዎች ናቸው፤ መሠራታቸውን እደግፋለሁ። ነገር ግን በየሎጁ ዙሪያ ያለው ገበሬ የአንድ አዳር ክፍያ ስንት እጁ ለመንደሩ እንደሚገባ በጽሑፍ ሊያውቅ ይገባዋል። ዘበኛና አልጋ አንጣፊ ሆኖ መቀጠር መልካም ነው፤ የባለቤትነትን ቦታ ግን አይተካም።

ጓሳ አሁን በችግር ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ደረሰ፤ ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት የውጭ ጎብኚውን ከዚህ መንገድ አራቀው። ጎብኚ ሲቀር ከእንግዳ የሚገኘው የጠባቂው ደመወዝ፣ የፈረስ አከራዩና የአስጎብኚው ልጅ ገቢ አብሮ ይቀራል። በዚህ ላይ የኑሮው ውድነት ሲጨመር የጓሳ ሣር ለሽያጭ እንዲታጨድ የሚገፋ ብዙ ነገር አለ።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሦስት ወገን ነው። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጎብኚ በማይመጣበት ጊዜ ለጓሳ ጠባቂዎች ደመወዝ በጀት ይያዝ። አስጎብኚ ድርጅቶች መንገዱ ሲከፈት የጓሳን ክፍያ ለምክር ቤቱ በቀጥታ ይክፈሉ፤ እንጀራውን፣ በጉንና ገብሱን ከአዲስ አበባ መጫን ትተው ከጫጫ፣ ከደብረ ብርሃንና ከመሐል ሜዳ ይግዙ። አንተም አንባቢዬ፣ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ብትኖር፣ ለሴሬንጌቲ ገንዘብ ከማጠራቀምህ በፊት የዚህ መንገድ ሰላም ሲመለስ ጓሳ ሂድ። በማኅበረሰቡ ሎጅ እደር፤ የመንዝ ልጅ ይምራህ፤ የጠየቁህን ክፍያም ሳትከራከር ክፈል።