አፉን ላልፈታ ልጃችሁ የትኛው የመናገሪያ መሣሪያ ይሻላል?



በየአጥቢያችን ሦስትና አራት ዓመት ሞልቷቸው "እማ"፣ "አባ" ማለት ያልጀመሩ ልጆች አሉ። ምክንያቱ ኦቲዝም፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ዳውን ሲንድሮም ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ለወላጅ ግን ጭንቀቱ አንድ ነው። ልጁ ያለቅሳል፤ ርቦት ይሁን፣ ጆሮውን አሞት ይሁን፣ ጫማው ጠቦት ይሁን አይታወቅም። ዘመድ ደግሞ "አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ ዝም ብላችሁ ጠብቁ" ይላል። እንዲህ ሲባል ዓመታት ያልፋሉ።

አንድ ቀን ሐኪም ወይም የትምህርት ቤት ባለሙያ "ድምፅ የሚያወጣ የመግባቢያ መሣሪያ ብትሞክሩለትስ?" ሲል ወላጅን ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። የመጀመሪያው "መሣሪያ ከለመደ ጭራሽ አይናገርም" የሚል ፍርሃት ነው። ሁለተኛው ካሉት ብዙ ዓይነቶች የትኛውን እንደሚመርጥ አለማወቁ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በየተራ እንመለከታለን። ዋናው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ መሣሪያ የሚመረጠው በዋጋው ወይም በስሙ ሳይሆን በልጁ ነው፤ የተመረጠው መሣሪያም የሚጠቅመው ቤተሰቡ አብሮ ሲናገርበት ነው።

መሣሪያ ከለመደ አይናገርም?

ይህ ፍርሃት ብዙ ልጆችን ጊዜ አሳጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚላር፣ ላይትና ሽሎሰር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው ነበር። በጥንቃቄ ከተሠሩት ጥናቶች ውስጥ የ27 ሰዎች ውጤት ሲታይ፣ በሥዕል፣ በምልክት ወይም በመሣሪያ መግባባት በመጀመሩ ንግግሩ የቀነሰ አንድም ሰው አልተገኘም። 89 ከመቶ የሚሆኑት እንዲያውም ንግግራቸው ጨምሯል። ጭማሪው ለብዙዎቹ መጠነኛ ነበር፤ ስለዚህ መሣሪያው ልጁን ያናግረዋል ብለን ቃል መግባት አንችልም። ንግግሩን ይዘጋበታል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም።

"እየጸለይን ሳለ መሣሪያ መግዛት እምነት ማጣት አይደለም ወይ?" የሚሉ ወገኖችም አሉ። ዓይናችን እንዲያይ እየጸለይን መነጽር እናደርጋለን። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ዘካርያስ አንደበቱ በተያዘ ጊዜ የልጁን ስም በመጻፊያ ሰሌዳ ላይ አሳወቀ። ሰሌዳው አንደበቱ ከመፈታቱ ጋር አልተጣላም።

ልጁ "እስኪበስል" ወይም ዕድሜው እስኪደርስ መጠበቅም አያስፈልግም። ባለሙያዎች ዛሬ አስቀድሞ መሟላት ያለበት የዕድሜም ሆነ የችሎታ መስፈርት የለም ይላሉ። ጤነኛ ሕፃንም ቢሆን ገና ምንም ሳይገባው ጀምረን እናናግረው የለ?

ምን ምን ዓይነት አለ?

የመሣሪያው ስም ብዙ ቢሆንም በአራት ከፍለን ልናየው እንችላለን።

1. ባለ አንድ ቁልፍ። ቢግማክ የሚባለው ዓይነት ነው። እናት ድምፅዋን ትቀዳበታለች፤ ልጁ ሲጫነው ይናገራል። "ስነካው ሰው ይሰማኛል" የሚለውን ለማስተማር ጥሩ ጅማሬ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል ብቻ ያለው ልጅ ብዙ ሊናገር አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ መቅረት የለበትም።

2. ባለ ብዙ ቁልፍ መቅጃ። ለምሳሌ ጎቶክ 9 ፕላስ ዘጠኝ ሥዕል የሚይዝ ሰሌዳ ሲሆን አምስት ሰሌዳ ይቀያየርበታል፤ ከሁልጊዜዎቹ ሦስት ቁልፎች ጋር 48 መልእክት ይይዛል። ጠንካራ ነው፤ በባትሪ ይሠራል፤ የተቀዳበትን ማንኛውንም ቋንቋ ይናገራል።

3. ታብሌት ላይ የሚጫን ፕሮግራም። እ.ኤ.አ. በ2009 አሲስቲቭዌር የተባለ የኔዘርላንድ ድርጅት ያወጣው ፕሮሎኮቱጎ፣ እንዲሁም ተችቻትና ላምፕ የታወቁ ናቸው። በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት ይይዛሉ። ፕሮግራሙ ብቻውን ከ250 እስከ 300 ዶላር አካባቢ ሲሆን የአይፓዱ ዋጋ ለብቻ ነው።

4. ለመናገሪያነት ብቻ የተሠራ መሣሪያ። ጠንካራ ሽፋንና ከፍ ያለ ድምፅ አለው፤ እጁን ማዘዝ ለማይችል ልጅ በዓይን እይታ የሚሠራም አለ። ዋጋው ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚደርስ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኢንሹራንስ በኩል ነው።

ስትመርጡ ምን ታያላችሁ?

ሀ. ልጁ በምን ይነካል?

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት አካሉ ነው። ጣቱን ለይቶ መጠቆም ይችላል? እጁ ይንቀጠቀጣል? ዓይኑ ትንንሽ ሥዕል ይለያል? ጣቱ ለሚንሸራተት ልጅ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መከለያ በታብሌቱ ላይ ይደረግለታል። እጁ የማይታዘዝለት በጭንቅላቱ ወይም በጉልበቱ በሚነካው ማብሪያ፣ አለዚያም በዓይኑ ይመርጣል። ይህን የሚወስን ስፒች ቴራፒስት የሚባለው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ነው፤ የእጅና የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያም ቢያግዘው መልካም ነው።

ለ. ምን ዓይነት ቃላት አሉት?

ብዙ ወላጆች መጀመሪያ የሚያስገቡት "ውኃ"፣ "ዳቦ"፣ "ሽንት ቤት" የሚሉትን ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ፤ ግን አይበቁም። ሰው በቀን ከሚናገረው አብዛኛው በጥቂት መቶ ቃላት የሚያልቅ ነው። እነርሱም "ጨምር"፣ "ተው"፣ "ና"፣ "እንሂድ"፣ "እርዱኝ"፣ "የኔ"፣ "ምንድን ነው?" የመሳሰሉት ናቸው። እነዚህን የያዘ ልጅ ምግብ ከመጠየቅ አልፎ ይጫወታል፣ ይቃወማል፣ ይጠይቃል።

በተለይ "አልፈልግም"፣ "አሞኛል"፣ "መታኝ"፣ "ነካኝ" የሚሉት ቃላትና የሰውነት ክፍሎች ስም እንዳይቀሩ አደራ። የደረሰበትን መናገር የማይችል ልጅ ለክፉ ሰው የተጋለጠ ነው። "አይሆንም" የሚል ቃል የሌለው መሣሪያ ገና ግማሽ ነው።

የቁልፎቹ ቦታ የማይቀያየር መሆኑንም ተመልከቱ። የመዘምራን ኪቦርድ ተጫዋች ቁልፉን ሳያይ የሚጫወተው ጣቱ ቦታውን ስለለመደ ነው፤ በየሳምንቱ ቁልፎቹ ቢቀያየሩበት ምን ይሆናል? የልጁም ጣት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስድስት ሥዕል ሰጥቶ ነገ ሁሉንም ከማዘዋወር፣ ከጅምሩ ሰፊ ሰሌዳ መርጦ አንዳንዱን መሸፈንና ቀስ በቀስ መግለጥ ይሻላል።

ሐ. አማርኛችንስ?

በውጭ አገር የምንኖር ይህን እንዳንረሳ። ልጁ በትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር መሣሪያ ይዞ ሲመጣ፣ እንግሊዝኛ ከማትችል አያቱ ጋር ቤት ውስጥ በምን ሊያወራ ነው? ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር አያዘገይም፤ ስለዚህ "አማርኛውን ተዉት" ብትባሉ አትቀበሉ።

ፕሮሎኮቱጎ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛና በደች ነው። ሆኖም በእንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ላይ በቁልፉ ላይ የራሳችንን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ስትቀዱ የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል አትተርጉሙ። በእንግሊዝኛ "እፈልጋለሁ" ቀድሞ "ውኃ" ይከተላል፤ በእኛ ግን "ውኃ" ይቀድማል። የእኛ ግስ ማን ለማን እንደሚናገርም በውስጡ ይይዛል፤ ልጁ ለአባቱ "ስጠኝ"፣ ለእናቱ "ስጪኝ"፣ ለአያቱ "ስጡኝ" ማለት አለበት። ስለዚህ "እፈልጋለሁ" እና "አልፈልግም" ለየብቻ ቁልፍ ይኑራቸው። የሚቀዳው ሰውም የልጁ እኩያ የሆነ ወንድም ወይም እኅት ቢሆን ይመረጣል፤ የአራት ዓመት ሕፃን በጎልማሳ ድምፅ ሲናገር ለሰሚው ይከብዳል።

መ. የዕለት ተዕለት ነገር

ልጁ ሊሸከመው ይችላል? ቢወድቅ ይተርፋል? ባትሪው ቀኑን ሙሉ ይቆያል? በፀሐይ ይታያል? ዝማሬ ባለበት አዳራሽ ድምፁ ይሰማል? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል፣ እስኪጠገንስ ምትክ ይሰጣሉ? እነዚህን ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ሳትሞክሩ አትግዙ

ጎረቤት ልጁን የጠቀመው መሣሪያ የእናንተን ልጅ ላይጠቅም ይችላል። በአሜሪካ በየግዛቱ በፌዴራል ሕግ የተቋቋመ የአጋዥ መሣሪያዎች ፕሮግራም አለ፤ መሣሪያ ያሳያል፣ ለጥቂት ሳምንታትም ያውሳል። በተቻለ መጠን ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ሞክሩ። በሙከራው ጊዜ ልጁ በስንት ጊዜው እንደነካ፣ ያለ እርዳታ ምን እንዳለ፣ ምን እንዳስቆጣው በማስታወሻ ያዙ፤ ኋላ ኢንሹራንስ ሲጠየቅ ይጠቅማችኋል።

ማን ይከፍላል?

በአሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች መብታችሁን እወቁ። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የቅድመ ጣልቃ ገብነት አገልግሎት አለ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ ደግሞ ልዩ ትምህርት ለሚያስፈልገው ልጅ ትምህርት ቤቱ አይ.ኢ.ፒ. የሚባል ዕቅድ ያወጣል፤ ዕቅዱ ሲወጣም አጋዥ መሣሪያ ያስፈልገው እንደሆነ መታየቱ ግዴታ ነው። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ። በስብሰባው ላይ የሚባለው እንዲገባችሁ አስተርጓሚ የማቅረብ ኃላፊነቱ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ታላቅ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ቡድኑ እንደሚያስፈልግ ከወሰነም መሣሪያው ወደ ቤት ይመጣል።

ሜዲኬይድ ያላቸው ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ለሕክምና አስፈላጊ መሆኑ ሲረጋገጥ መሣሪያው ይሸፈንላቸዋል። ለዚህ የስፒች ቴራፒስቱ የግምገማ ጽሑፍና የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልጋል። አንድ ልዩነት ልብ በሉ፦ ትምህርት ቤት የገዛው መሣሪያ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው፤ በልጁ ኢንሹራንስ የተገኘው ግን ልጁ ትምህርት ቤት ቢቀይርም አብሮት ይሄዳል። የመጀመሪያው መልስ "አይቻልም" ቢሆን ይግባኝ ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ላላችሁ

በአዲስ አበባ ወ/ሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ ኦቲዝም ማዕከል ለብዙ ወላጆች መንገድ ከፍቷል። ውድ መሣሪያ ባይገኝም መጀመር ይቻላል። አራሳክ የተባለው የስፔን የአራጎን አስተዳደር የሥዕል ስብስብ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ በነጻ ይገኛል። ሥዕሎቹን አትሙ፣ ከሥራቸው በፊደላችን ጻፉ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ፤ ልጁ ይጠቁም፣ እናንተ ድምፅ ሁኑለት። ዘመድ ከውጭ ታብሌት ሊልክላችሁ ከፈለገ ፕሮግራሙን ጭኖ፣ ያለ ኢንተርኔት እንደሚሠራ አረጋግጦ ይላክ። መብራት ሲጠፋ የወረቀቱ ሰሌዳ ያገለግላል። በእውነቱ ውድ መሣሪያ ያለው ሰውም የወረቀት ቅጂ ሊኖረው ይገባል።

ከተገኘ በኋላ

ብዙ መሣሪያዎች ጥሩ ሆነው ሳለ መሳቢያ ውስጥ የሚቀሩት ልጁ ብቻውን እንዲጠቀምበት ስለሚጠበቅ ነው። ልጅ አማርኛ የሚለምደው ሲነገር እየሰማ ነው፤ በመሣሪያ መናገርንም የሚለምደው እናንተ ስትናገሩበት እያየ ነው። "እንሂድ" ስትሉት በአፋችሁም በጣታችሁም በሉት። "ውኃ የቱ ነው? አሳየኝ" እያላችሁ አትፈትኑት። ከተናገራችሁ በኋላ ታገሡ፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ዝም ብሎ ቁልፍ ቢነካካም አትከልክሉት፤ ሕፃን "ባ ባ ባ" እንደሚለው ነው። ሲያጠፋም መሣሪያውን አትንጠቁት፤ አፉን መዝጋት ነውና።

የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎችም ድርሻ አላችሁ። "እንዘምር"፣ "እንጸልይ"፣ "አሜን"፣ የጓደኞቹንም ስም ወላጆቹ እንዲያስገቡለት ንገሯቸው፤ ሲናገርበትም እንደ ማንኛውም ልጅ መልሱለት። ሌሎቹ ልጆች መሣሪያውን ሊነኩት ቢሻሙ የልጁ ድምፅ መሆኑን አስረዷቸው።

በመጨረሻ

ወላጆች ሆይ፣ ፍጹሙን መሣሪያ እስክታገኙ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ለስፒች ቴራፒስት ቀጠሮ ያዙ፤ እስከዚያው ስምንት ሥዕል ያለበት ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉና እየጠቆማችሁ ተናገሩ። ከስምንቱ አንዱ "አልፈልግም" ይሁን። ልጃችሁ እሱን ጠቁሞ ምግቡን ሲገፋው አትቆጡ፤ ሐሳቡን ነግሯችኋልና።

እግዚአብሔር ጥበብንና ትዕግሥትን ያብዛላችሁ።