ደረት እስኪጠግግ

የወንድን ያደገ ጡት የመቀነስ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ብዙዎቹ ታካሚዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። እብጠቱ ጎድሎ ደረቱ ቅርጹን እስኪይዝ ግን ወራት ያልፋሉ፤ ጠባሳው እስኪደበዝዝ ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለ ቢላዋው ብዙ ጠይቆ ስለ ማገገሙ ሳይጠይቅ የገባ ሰው በሁለተኛው ሳምንት መስታወት ፊት ሲቆም ይደነግጣል። ከሚያየው ውስጥ አብዛኛው ግን ሰውነት ሲድን የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ሐኪሞች ጋይኔኮማስቲያ የሚሉት ይህ ሁኔታ ተራ ውፍረት አይደለም። በውፍረት ደረት ላይ የሚከማቸው ስብ ነው፤ እዚህ ግን ከጡት ጫፍ ሥር ጠንከር ያለ የጡት እጢ ያድጋል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከቴስቶስትሮን አንጻር ሲያይል የሚመጣ ነው። በጉርምስና ዕድሜ በጣም የተለመደ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ የ14 ዓመት ልጅ ያላቸው ወላጆች ወደ ቀዶ ሐኪም ከመሮጥ በፊት ጊዜ ቢሰጡት ይሻላል።

መድኃኒትም ያመጣዋል። ለልብ ድካምና በጉበት ሕመም ሳቢያ ሆድ ውስጥ ለሚቋጠር ውሃ የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሪስፔሪዶን፣ ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወሰዱ ስቴሮይዶች ሁሉ ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። በኢትዮጵያ በዶሉተግራቪር እስኪተካ ድረስ ለዓመታት በፀረ ኤችአይቪ ሕክምና በስፋት ያገለገለው ኢፋቪሬንዝም በአንዳንድ ወንዶች ላይ ይህንኑ አስከትሏል። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ለሐኪም መንገር ግን ቀዶ ሕክምናውን ራሱን ሊያስቀር ይችላል።

ሕክምናው ጥንታዊ ነው። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባይዛንታይኑ ሐኪም የኤጊናው ጳውሎስ ከጡቱ ሥር እንደ ጨረቃ ቆልመም ያለ ቅድ አድርጎ ስቡን ማውጣትና መልሶ መስፋት እንደሚቻል ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1946 አሜሪካዊው ጄሮም ዌብስተር በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ውስጥ በግማሽ ክብ የሚቆረጥበትን ዘዴ አሳተመ፤ ጠባሳው በቆዳው የቀለም ልዩነት ስለሚሸሸግ ዛሬም ይሠራበታል። ፈረንሳዊው ኢቭ ዤራር ኢሉዝ ስብን በቀጭን ቱቦ የመምጠጥን ዘዴ አስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ አሜሪካዊው ጄፍሪ ክላይን ማደንዘዣና የደም ሥር የሚያጠብ አድሬናሊን በብዙ ፈሳሽ በጥብጦ ከቆዳ ሥር መርጨትን አስተዋወቀ፤ በዚህም የሚፈሰው ደም በእጅጉ ቀነሰ። ከዌብስተር ወዲህ የመጡት እነዚህ ለውጦች የታካሚውን የማገገሚያ ጊዜ ያቀለሉ ናቸው።

በጣም ጥንቃቄ የሚሹት የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ናቸው። የሚፈራው ከቆዳ ሥር ደም መቋጠሩ ነው። አንዱ ወገን ብቻ በፍጥነት ካበጠ፣ ቆዳው ከተወጠረ፣ ሕመሙ በማስታገሻ የማይበርድና እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም መደወል እንጂ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። ታካሚው ትራስ ደራርቦ፣ ከወገቡ ቀና ብሎ፣ በጀርባው ይተኛል። እግር ላይ ደም እንዳይረጋ ደግሞ በዚያው ቀን ተነሥቶ ቀስ ብሎ መራመድ ይኖርበታል።

የማገገሙ ዋና መሣሪያ ደረትን ጥብቅ አድርጎ የሚይዘው ሰደርያ ነው። እጢውና ስቡ ሲወጡ ቆዳውና ጡንቻው መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ሰውነት ደግሞ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ውሃ ይቋጥርበታል። ሰደርያው ቆዳውን ከጡንቻው ጋር አጣብቆ ይህን ቦታ ይዘጋል። ብዙ ሐኪሞች ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ መጀመሪያ ላይ ቀንም ሌሊትም እንዲለበስ ያዛሉ። እንደ ድሬዳዋ ወይም እንደ ዱባይ ባለ ሙቀት ይህ ቀላል አይደለምና፣ አንዱ ሲታጠብ የሚለበስ ሁለተኛ ቢኖር መልካም ነው። ባጠበቁት ቁጥር ቶሎ ያድናል ማለት ግን አይደለም፤ መተንፈስ ከከለከለ ወይም ቆዳውን ካቆሰለ መላላት አለበት። ውሃው እንዲያም ሆኖ ከተቋጠረ ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል።

በእነዚህ ሳምንታት ደረቱ መልኩን ይለዋውጣል። የበለዘው ቦታ ከጥቁር ሰማያዊ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ወደ ሆድም ይወርዳል። የጡት ጫፍ ይደነዝዛል፤ ስሜቱ የሚመለሰው በሳምንታት ወይም በወራት ነው። አንዱ ወገን ከሌላው ቀድሞ ይጎድላል። ከጡት ጫፍ ሥር ሲዳሰስ ጠንከር ያለ ነገር ቢገኝ «እጢው ቀርቷል» ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ከፊሉ እየተሠራ ያለ ጠባሳ ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ቦታው ሰርጉዶ እንዳይቀር ሐኪሙ ሆን ብሎ የተወው ሥጋ ነው።

የቢሮ ሠራተኛ በአንድ ሳምንት ገደማ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ጀሪካን የሚሸከም፣ ሲሚንቶ የሚያወርድ ወይም ጂም የሚያዘወትር ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ አለበት፤ የደረት ስፖርት ከሁሉ በኋላ ይመጣል። በሦስተኛው ሳምንት የቁስሉ ጥንካሬ ከጤናማ ቆዳ ሲሶ እንኳ አይሞላም፤ ከሦስት ወር በኋላም የሚደርሰው 80 ከመቶ ገደማ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ትከሻውን ገጭቶ ሰላም ይላልና፣ ቤተሰብ ቀድሞ ቢያስጠነቅቅ ታካሚውን ከብዙ ስቃይ ያድነዋል።

ቁስል የሚጠግገው በፕሮቲን ነው። የፍስክ ምግብ የማይበላ ሰው ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን አዘውትሮ መብላት ይኖርበታል። ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብ የጡት ጫፍን ደም እስከማሳጣት ይደርሳል። ኬሎይድ የሚባለው እየተነሣ የሚያድግ ጠባሳ በጥቁር ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል፤ ከዚህ በፊት ጠባሳው እየተነሣ ያስቸገረው ሰው ቁስሉ ሳይከፈት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ጠባሳው ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ልጣፍ ይረዳል፤ ፀሐይ ግን ያጠቁረዋል።

ለዓመታት ደረቱን በጃኬት ሸፍኖ የኖረ ወንድ ሕመሙንም መሸፈን ይለምድበታል፤ ቀዶ ሕክምናውን ከቤተሰቡ ደብቆ የሚያደርግም አለ። ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ቢያንስ አንድ የሚያምነው ሰው አውቆለት በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አብሮት ቢያድር፣ እብጠቱን አይቶ ሐኪም የሚጠራ አያጣም። የወጣው እጢም ወደ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመረመራል፤ ብርቅ ቢሆንም ወንድም በጡት ካንሰር ሊያዝ ይችላልና፣ ታካሚው ክር ለማስወጣት ሲመለስ ውጤቱን መጠየቅ አለበት።