አጥንት ድንጋይ አይደለም፦ ከጨቅላ እስከ አዛውንት አጥንታችንን የሚጎዱ 5 ችግሮች



"ልጄ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖት አልሄደም"፣ "ልጁ ወድቆ ክንዱ አብጧል፣ ወጌሻ ይሻላል ወይስ ሆስፒታል?"፣ "እናቴ ትንሽ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ፣ እንዴት ሊሆን ይችላል?" የሚሉ መልእክቶች በተደጋጋሚ ይደርሱኛል። ሁሉም የአጥንት ጉዳይ ናቸው። ስለዚህ ዛሬ በዕድሜ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ እንያቸው። ረዘም ይላል፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ በተለይ ቁጥር 2 ላይ ያለው የአንድ ልጅ እጅ ወይም እግር ሊያድን ይችላል።

መጀመሪያ ስለ አጥንት ራሱ

ብዙዎቻችን አጥንት ሲባል ትዝ የሚለን ድስት ውስጥ የምናየው ደረቅ ነገር ነው። በሕይወት ያለ ሰው አጥንት ግን ደም የሚዘዋወርበት፣ ነርቭ ያለው፣ በየቀኑ የሚፈርስና የሚገነባ ሕያው አካል ነው። አፍራሽ ሴሎች አሮጌውን ይበላሉ፣ ገንቢ ሴሎች ደግሞ አዲስ ይተካሉ። በዚህ ሂደት የአዋቂ ሰው አጥንት በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ በአብዛኛው ይታደሳል።

አዋቂ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። ጨቅላ ሕፃን ሲወለድ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር አለው፣ ሲያድግ ግን አንዳንዶቹ እየተጋጠሙ አንድ ይሆናሉ። ከ206ቱ ውስጥ 106ቱ ያሉት እጅና እግራችን ላይ፣ ከአንጓና ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። ረጅሙ የጭን አጥንት ሲሆን ትንሹ ደግሞ ጆሯችን ውስጥ ያለው፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆነው ነው።

አጥንት የሚሠራው ከሁለት ነገር ነው ብላችሁ አስቡት፦ እንደ ገመድ የሚለጠጥ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲንና እንደ ሲሚንቶ የሚያጠነክረው ካልሲየም። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ካልሲየም 99 በመቶው የተቀመጠው አጥንትና ጥርስ ላይ ነው። ደም ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ሰውነታችን ከዚህ "ባንክ" ያወጣል። ሁሌ እያወጣን ምንም ካላስገባን ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ከዚህ ሌላ አጥንት ውስጥ ያለው መቅኔ ቀይና ነጭ የደም ሴሎችን ያመርታል።

አሁን ወደ ችግሮቹ።

1. ሪኬትስ (የሕፃናት አጥንት መልፈስፈስ)

ሪኬትስ በብዛት የሚመጣው በቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ቫይታሚን ዲ ከሌለ ከምግብ የምናገኘው ካልሲየም ወደ ሰውነት በደንብ አይገባም፤ ገመዱ አለ፣ ሲሚንቶው የለም። አጥንቱ ስለሚለሰልስ ልጁ መቆም ሲጀምር እግሩ ይጎብጣል። ቆዳችን ቫይታሚን ዲን የሚሠራው ፀሐይ ሲያገኝ ነው። እና የ13 ወር ፀሐይ ባለበት ሀገር እንዴት ይህ በሽታ ይኖራል? መልሱ ቀላል ነው፦ ፀሐዩ አለ፣ ልጁ ግን ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ነው ያለው። "ምች ይመታዋል"፣ "ቡዳ ያየዋል" እየተባለ ወራት ያልፋሉ። አሁን ደግሞ ኮንዶሚኒየምና አፓርታማ ተጨምሮበታል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ያሞቃል እንጂ ለቫይታሚን ዲ አይጠቅምም፤ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። የእናት ጡት ወተትም ለሌላው ሁሉ ምርጥ ቢሆንም ቫይታሚን ዲው በጣም ትንሽ ነው።

ይሄ የእግር ቅርጽ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት ላይ የታተመ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራ ጥናት ነበር። የሳንባ ምች ይዟቸው ከነበሩ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ ተገኝቶባቸዋል፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን 20ዎቹ ብቻ። ምክንያቱም የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ልጁ በደንብ መተንፈስና አክታውን በሳል ማውጣት ያቅተዋል።

ምልክቶቹ፦ የእርግብግቢት ቶሎ አለመገጠም፣ የጥርስና የመራመድ መዘግየት፣ የእጅ አንጓ ማበጥ፣ የእግር መጎበጥ።

መፍትሔው፦ ልጁን በየቀኑ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ፣ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እጅና እግሩን ገልጣችሁ ደጅ ላይ ፀሐይ አሙቁት። ፊቱን ከቀጥታ ፀሐይ ጋርዱለት። ይህን ማድረግ የማይመች ከሆነ በቀን 400 ዩኒት የሚሰጥ የቫይታሚን ዲ ጠብታ አለ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ምልክት የታየበት ልጅ ግን ፀሐይ ብቻ አይበቃውም፣ መታከም አለበት።

2. ስብራትና ጠብቆ የታሰረ ማሰሪያ

እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የተሰበረ አጥንት በራሱ ይገጥማል። ወጌሻም፣ ኦርቶፔዲክ ሐኪምም አጥንት አይቀጥልም፤ የሚቀጥለው ሰውነት ራሱ ነው። የኛ ሥራ ሦስት ነገር ነው፦ አጥንቱን በትክክለኛው መስመር ማስቀመጥ፣ እንዳይንቀሳቀስ ማድረግና የደም ዝውውሩን መጠበቅ። ብዙ ሰው "ወጌሻ አዳነኝ" የሚለው እውነቱን ነው፤ ቀላል ስብራት ዝም ቢባልም ይድናልና። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ስብራት ከደረሰ በኋላ ባሉት 2 እና 3 ቀናት ያ ቦታ ያብጣል። በቀርከሃ ወይም በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ከታሰረ እብጠቱ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ወደ ውስጥ ይጨምቃል፣ ደም መግባት ያቆማል። ጡንቻ ደም ካጣ ከ6 ሰዓት ገደማ በኋላ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። ከዚያ ጋንግሪን፣ ከዚያ መቆረጥ። በሀገራችን ሆስፒታሎች ልጆች እጃቸውን ወይም እግራቸውን ከሚያጡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ብዙዎቹ መጀመሪያ የነበራቸው በጀሶ ብቻ የሚድን ስብራት መሆኑ ነው።

"ሆስፒታል ከሄድን ይቆርጡታል" የሚል ፍርሃት አለ፣ ይገባኛል። ግን አስቡት፦ የሚቆረጠው ቀድሞ የሞተ እጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የመጣ ልጅ ኤክስሬይ ተነስቶ፣ ጀሶ ታስሮለት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ማንም ይሰር፣ የታሰረ እጅ ወይም እግር ላይ እነዚህን ካያችሁ አትጠብቁ፦

• ማስታገሻ ወስዶም የማይበርድ፣ ይልቁንም እየባሰ የሚሄድ ሕመም
• ጣቶቹን ቀጥ ስታደርጉለት የሚያስጮህ ሕመም
• የጣቶች መንጣት፣ መጥቆር ወይም መቀዝቀዝ
• መደንዘዝ ወይም ጣትን ማንቀሳቀስ አለመቻል

ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ "ስብራት ነው፣ ማመሙ አይቀርም፣ ይቻለው" አትበሉ። የጨርቅ ማሰሪያ ከሆነ ያኔውኑ ፍቱት ወይም ቁረጡት፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል። እስኪነጋ አይጠበቅም። ሆስፒታል የታሰረ ጀሶም ቢሆን እነዚህ ምልክቶች ካሉ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ተመለሱ።

ስብራት ሲያጋጥም ደግሞ፦ አትሹት፣ አትጎትቱት። ቀለበትና አምባር ካለ ቶሎ አውልቁ። ባለበት ሁኔታ በካርቶን ወይም በእንጨት ደግፋችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ቆስሎ አጥንት ከታየ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ በፍጥነት ውሰዱት፤ አንቲባዮቲክና የቲታነስ መከላከያ ያስፈልገዋል።

3. የአጥንት ኢንፌክሽን

ልጁ ትኩሳት አለው፣ አንድ እግሩን አላስነካም ይላል፣ መራመድ እምቢ ብሏል። ቤተሰብ "ትናንት ሲጫወት ወድቆ ነው" ብሎ ያሳሸዋል። ብዙ ጊዜ ግን በደም በኩል መጥቶ አጥንት ውስጥ የገባ ባክቴሪያ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ለሳምንታት በሚሰጥ አንቲባዮቲክ ይድናል። ከዘገየ የአጥንቱ ክፍል ይሞትና ለዓመታት መግል የሚያፈስ ቁስል ይሆናል፤ ያኔ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ኤክስሬይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ "ኤክስሬይ ተነስቶ ምንም የለውም ተባለ" ብላችሁ ትኩሳቱና ሕመሙ እያለ እቤት አትቀመጡ። ትኩሳት + አጥንት ላይ ሕመም + አልራመድም ማለት = ዛሬውኑ ሐኪም ጋ።

4. የአከርካሪ አጥንት ቲቢ

የወገብና የጀርባ ሕመም ሁላችንንም ይነካናል፣ አብዛኛው ከጡንቻና ከአቀማመጥ የሚመጣ ነው፣ በሳምንታት ውስጥም ይሻለዋል። ነገር ግን ሕመሙ ለወራት ቀጥሎ፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስና የምግብ ፍላጎት ማጣት ከተጨመሩበት "ብርድ ገብቶብኝ ነው" ብላችሁ አትለፉት። ቲቢ ሳል ሳይኖርም አከርካሪ ላይ ሊወጣ ይችላል። የአከርካሪውን አጥንት የፊት ክፍል ሲበላው ጀርባ ይጎብጣል፣ እየቆየ ነርቭ ሲጫን እግር ይዝላል፣ ሽንት መቆጣጠርም ያቅታል።

ደስ የሚለው ግን ይድናል። መድኃኒቱ ወደ 12 ወር ገደማ የሚወሰድ ሲሆን በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል። እግር መዛል ከመጀመሩ በፊት መድረስ ነው ቁም ነገሩ።

5. የአጥንት መሳሳት

ይሄኛው ዝምተኛው ነው። አያምም፣ አያሳብጥም። አጥንት እስኪሰበር ድረስ መኖሩን ማንም አያውቅም። አጥንታችን ጥንካሬው ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የምንኖረው ባጠራቀምነው ነው። ሴቶች ካረጡ በኋላ አጥንት የሚጠብቀው ኤስትሮጅን ስለሚቀንስ በቶሎ ይሳሳል። ሲጋራ፣ ብዙ አልኮል፣ እንዲሁም እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድም ያባብሰዋል። (በሐኪም የታዘዘላችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ ድንገት አታቁሙ፤ አደጋ አለው።)

በብዛት የሚሰበሩት የእጅ አንጓ፣ አከርካሪና ዳሌ ናቸው። እናት ወይም አያታችሁ ወድቀው መቆም ካቃታቸው፣ አንዱ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌ ስብራት ነው ብላችሁ ገምቱ። አታሹ፣ "ትንሽ ይተኙ ይሻላቸዋል" አትበሉ። ብዙዎች የሚሞቱት ከስብራቱ ሳይሆን አልጋ ላይ ከመቅረት በሚመጣ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና ቁስል ነው። በቶሎ ቀዶ ሕክምና ያገኘ ሰው በቶሎ ይነሳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያዳልጥ ምንጣፍ አንሱ፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ ላይ የማታ መብራት ይኑር፣ ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ ቀይሩላቸው።

ታዲያ ምን እንብላ?

አዋቂ ሰው በቀን 1000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ይሰጣል። "በጾምስ?" ለምትሉ፦ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም አለው፣ ጎመንና ሰሊጥም ጥሩ ናቸው። የቅልጥም መረቅና አብሽ የተሰበረ ሰው ቢጠጣ አይጎዳውም፣ ግን መረቅ ውስጥ ያለው ካልሲየም ትንሽ ነው፤ ሕክምናውን አይተካም። እንቅስቃሴም ያስፈልጋል። አጥንት ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል፤ በእግር መሄድ፣ ደረጃ መውጣት፣ ገመድ መዝለል በቂ ነው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ ለግል ምርመራ ምትክ አይደለም። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ለሁላችሁም ግን አንድ የቤት ሥራ አለኝ፦ ቁጥር 2 ላይ ያሉትን አራት ምልክቶች ስክሪንሾት አድርጋችሁ ክፍለ ሀገር ላለው ቤተሰባችሁ ላኩላቸው። ስልክ ለሌላቸውም ደውላችሁ በቃል ንገሯቸው።