ብረት ለበስ ሲያረጅ፦ አሮጌ ታንክን የመጠበቅ ሳይንስ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ ጥቁር ዋልካ መሬት በሰፊው ይገኛል። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና የረገጠውን እግር ይዞ አይለቅም። ውድ አንባቢያን፣ እስኪ አንድ ጥያቄ እናንሣ። በሐምሌ ወር 36 ቶን የሚመዝን ታንክና 2 ቶን የሚመዝን መኪና ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ በሚገኝ የጤፍ ማሳ ላይ ጎን ለጎን ቢቆሙ፣ ቀድሞ የሚሰምጠው የትኛው ነው?

መልሱን ለማግኘት ክብደትን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ግፊትን ማስላት ያስፈልጋል። ግፊት ማለት ክብደቱ ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። በአገራችን ሠራዊት ውስጥ ለረጅም ዘመን ያገለገለው ሶቪየት ሠራሹ ቲ-55 ታንክ 36 ቶን ይመዝናል። የእያንዳንዱ ሰንሰለት ስፋት 58 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ መሬት የሚነካው ክፍል ርዝመት ደግሞ 384 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ ሰንሰለቶች በድምሩ 44,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። በመሆኑም በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ክብደት 0.81 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የመኪና ጎማ በአንጻሩ በውስጡ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ ግፊት በመሬት ላይ ያሳርፋል፤ ይህም ለቀላል መኪና 2 ኪሎ ግራም ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ቀድሞ የሚሰምጠው ትንሿ መኪና ናት። ድልድይ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ድልድይ የሚሸከመው የተሽከርካሪውን ጠቅላላ ክብደት ነውና።

ይህን የመሰሉ ጥያቄዎችን በወረቀት ሳይሆን በእጃቸው የሚመልሱ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። አሮጌ ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ገዝተው፣ ፈታተው፣ አድሰው የሚያሽከረክሩ ናቸው። ከሩቅ ሲታይ የቅንጦት ጨዋታ ይመስላል። ቀርቦ ለተመለከተው ግን የኬሚስትሪና የፊዚክስ ትምህርት ቤት ነው። ብዙ ጦርነት ላለፈባትና የብረት ለበስ ቅሪት በየመንገዱ ላየች አገራችንም ይህ ዕውቀት ባዕድ ሊሆን አይገባውም።

ጎጃምና ታንክ

የጎጃም ሰው ከታንክ ጋር የተዋወቀው በጦር ሜዳ ነው። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1928 ዓ.ም. የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን አስከትለው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. በፊታውራሪ ሽፈራው የሚመራው ቀዳሚ ጦር የተከዜን ወንዝ ተሻግሮ ደምበጉና በተባለው መተላለፊያ ከኢጣልያ ጦር ጋር ገጠመ። ኢጣልያውያን በዚያ ያሰለፏቸው ሲቪ-33 የሚባሉ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ። ክብደታቸው ከ3 ቶን ብዙም አይበልጥም፤ የብረታቸው ከፍተኛ ውፍረትም 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

የእነዚህ ታንኮች ትልቁ ጉድለት መትረየሳቸው የሚያነጣጥረው ወደ ፊት ብቻ መሆኑ ነበር። በጠባብና ድንጋያማ ስፍራ ዞር ማለት ሲያቅታቸው፣ የኢትዮጵያ ተዋጊዎች ከኋላና ከጎን እየመጡ ከላያቸው ላይ ወጡባቸው። ፀረ ታንክ መሣሪያ ያልነበረው ጦር የማሽኑን የንድፍ ጉድለት በፍጥነት አስተውሎ ድል አደረገ። ማሽንን ማወቅ የሚጀምረው እንዲህ ካለው አስተውሎት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ ሠራዊት ኤም-41ን የመሳሰሉ አሜሪካ ሠራሽ ታንኮችንና ኤም-113 የተባለውን ብረት ለበስ የሰው ማጓጓዣ ታጠቀ። በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ወቅት ደግሞ ሶቪየት ሠራሽ ታንኮች በብዛት ገቡ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በትርፍ ጊዜ አድናቂዎች እጅ ከሚገኙት አሮጌ ተሽከርካሪዎች ውስጥ እነዚሁ ዓይነቶች ይገኙበታል።

የጠባቂዎቹ ዓለም

በእንግሊዝ አገር ቦቪንግተን በተባለ ስፍራ የሚገኘው የታንክ ሙዚየም በዚህ ረገድ ስመ ጥር ነው። በውስጡ ካሉት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1943 በቱኒዝያ የተማረከው ታይገር 131 የተባለ የጀርመን ታንክ ነው። ይህ ታንክ ከረጅም ዕድሳት በኋላ ዳግም በራሱ ሞተር ለመንቀሳቀስ በቅቷል። ከሙዚየሞች ውጪም በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ግለሰቦች ከሠራዊት የተወገዱ ተሽከርካሪዎችን ይገዛሉ። ለምሳሌ የእንግሊዝ ጦር ከአገልግሎት ካሰናበታቸው ኤፍ.ቪ. 432 የተባሉ ብረት ለበስ ማጓጓዣዎች መካከል ብዙዎቹ በግለሰቦች እጅ ገብተዋል። መሣሪያቸው ግን በየአገሩ ሕግ መሠረት ዳግም እንዳይተኩስ ተደርጎ ይመክናል።

በእኛ አገር የጦር መሣሪያ ይዞታ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ሲሆን፣ ታንክ በግለሰብ ግቢ የሚቆም ንብረት አይደለም። ሆኖም አሮጌ ማሽንን በሕይወት የማቆየት ጥበብ አለን። ኤንትሬ እየተባለ የሚጠራው የፊያት የጭነት መኪና ከተሠራበት አገር ጎዳናዎች ከጠፋ በኋላ እንኳ በእኛ ዳገትና ቁልቁለት የሠራው በመካኒኮቻችን ብልሃት ነው። ታንክ ጠባቂውም ከዚህ የተለየ ሥራ አይሠራም፤ ልዩነቱ የክፍሎቹ ክብደት ብቻ ነው።

ታንክን የሚገድለው ምንድን ነው?

አዲስ ጠባቂዎችን ሁሉ የሚያስገርም አንድ እውነት አለ። ታንክ ጥይት ባይነካውም መቆም ብቻውን ይገድለዋል። ለምን?

የመጀመሪያው ጠላት ውኃ ነው። ብረት ከውኃና ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ዝገት ይፈጠራል። ዝገት ከተፈጠረበት ብረት ሦስት እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ስለዚህ በሁለት ብረቶች መጋጠሚያ መካከል ሲያድግ ቡሎን ይበጥሳል፤ ማጠፊያውንም እንደ ብየዳ አጣብቆ ይይዘዋል። ውኃው የግድ የዝናብ ውኃ መሆን የለበትም። እንደ ደብረ ወርቅ ባለ ደጋማ አገር ቀኑ ይሞቃል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የታንኩ ቀፎ ቀን ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ተለጥጦ ይወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበቱም በቀዝቃዛው ብረት ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። በዚህ ዓይነት ታንኩ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት ውኃ «ይጠጣል»። ሙዚየሞች የአየሩን እርጥበት ዝቅ አድርገው ለመያዝ የሚደክሙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ጠላት የብረቶች አለመስማማት ነው። የኤም-113 ቀፎ ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን ብዙ ቡሎኖቹ ግን ብረት ናቸው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨዋማ እርጥበት ሲገናኙ እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ በዚህም አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። የክፍል ውስጥ የኤሌክትሮኬሚስትሪ ትምህርት በተሽከርካሪው ላይ ሲፈጸም ይታያል ማለት ነው።

ሦስተኛው ጠላት ናፍጣው ራሱ ነው። በነዳጅ ማጠራቀሚያ ሥር በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ረቂቅ ተሕዋስያን ይራባሉ። ናፍጣውን እየተመገቡ የሚያፈሩት ዝልግልግ ነገር ማጣሪያውን ይደፍናል፤ የሚያመነጩት አሲድ ደግሞ ማጠራቀሚያውን ይበላዋል።

አራተኛው የጎማና የባትሪ እርጅና ነው። በፀሐይና በኦዞን ምክንያት የእግሮቹ ጎማ ይሰነጣጠቃል፤ ሳይሞላ የተቀመጠ የእርሳስ ባትሪም በሰሌዳዎቹ ላይ ጠጣር ሰልፌት ተጋግሮበት ኤሌክትሪክ መያዝ ያቅተዋል።

መድኃኒቱ

ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ የማያቋርጥ ትጋት ነው። ታንኩ ከጣሪያ በታች፣ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ይቆማል። የቀፎው የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎች ተከፍተው ይጸዳሉ። ዝገቱ ተፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባል። ኩሽኔታዎቹ ግራሶ ይሞላሉ። የነዳጅ ማጠራቀሚያው ባዶ ቦታ ጤዛ እንዳይዝ እስከ አፉ ይሞላል።

ሞተሩን ማስነሣት ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። የቲ-55 ሞተር 12 ሲሊንደሮች ያሉት፣ 580 የፈረስ ጉልበት የሚያመነጭ የናፍጣ ሞተር ነው። ለወራት ከቆመ በኋላ ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዷል። በዚያ ሁኔታ ቢነሣ ደረቅ ብረት ከደረቅ ብረት ጋር ይፋጫል። ስለዚህ አስቀድሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ዘይቱን ወደ ኩሽኔታዎቹ ይገፋዋል፤ የዘይቱ ግፊት ከተስተካከለ በኋላ ነው ሞተሩ የሚነሣው። ከተነሣም ለጥቂት ደቂቃ አሙቆ ማጥፋት ጥቅም የለውም። ናፍጣ ሲቃጠል ውኃ ይፈጠራልና፣ ዘይቱ በደንብ ካልሞቀ ያ ውኃ ሳይተን በውስጡ ይቀራል። ጠባቂዎች ተሽከርካሪውን አውጥተው መንዳት የሚመርጡት ለዚህ ነው። ይህም ዋጋ አለው፤ ቲ-55 በመንገድ ላይ በየኪሎ ሜትሩ 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል።

የተቃጠለ ታንክ ምን ይነግረናል?

ከላይ የተገለጸው በጣሪያ ሥር ስለሚኖር ታንክ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው ግን በየመንገዱ ዳር ተቃጥሎ የቀረውን ነው። የደርግ ዘመን ጦርነቶች ትተውት ያለፉት ቅሪት ለብዙ ዓመታት ታይቷል፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነትም ሌላ ጨምሮበታል።

የተቃጠለ ታንክ ከሩቅ ሲታይ ሆዱ ወደ መሬት ጎንበስ ያለ ይመስላል። ምክንያቱ የሚከተለው ነው። ቲ-55 ክብደቱን የሚሸከመው በመጠምዘዝ እንደ ሞላ በሚሠሩ ረጃጅም የብረት ዘንጎች ላይ ነው። የዘንጎቹ ጥንካሬ የተገኘው በፋብሪካ በተመጠነ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ነው። ቃጠሎው ይህን ሥራ ያፈርሰዋል፤ ዘንጎቹ የመመለስ ኃይላቸውን ያጡና ታንኩ ይቀመጣል። የቀፎው ብረትም በዚሁ ምክንያት ጥንካሬው ሊቀንስ ይችላል። ቀለሙ ስለተቃጠለም ዝገቱ ይፋጠናል። እንዲህ ያለውን ታንክ ወደ ቀድሞ ኃይሉ መመለስ ፈጽሞ አዳጋች ነው።

እዚህ ላይ አንባቢያን በጥብቅ ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። በተቃጠለ ታንክ ውስጥ ያልፈነዳ ጥይት ሊኖር ይችላል። ጊዜ ማለፉም አደጋውን አያጠፋውም። የተኩስ ባሩድ ዋና ክፍል የሆነው ናይትሮሴሉሎስ በራሱ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ፍርሰቱን ለመግታት የተጨመረው ማረጋጊያ ኬሚካል በሙቀትና በዕድሜ ሲያልቅ ባሩዱ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ሌላም ስውር አደጋ አለ። ተዘግቶ የኖረ የዛገ ክፍል ኦክስጅኑን ዝገቱ ስለሚወስደው፣ ወደዚያ የገባ ሰው ሽታ እንኳ ሳይሰማው ራሱን ሊስት ይችላል። የአሮጌ ፍሬንና ፍሪሲዮን ሸራዎች ደግሞ ለሳንባ ጠንቅ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖርባቸው ይችላል። ስለሆነም ከብት የሚጠብቅ ልጅ በላዩ እንዳይጫወት፣ ብረት ለቃሚም ቆርጦ ለመሸጥ እንዳይነካው መምከር የተማረ ወጣት ግዴታ ነው። ቅሪቱን ያየ ሰው ሳይቀርብ ለአካባቢው የጸጥታ አካል ያሳውቅ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሜዳ ላይ የተተወ ታንክ ቅርስ አይደለም፤ አደጋ ነው። ቅርስ የሚሆነው በባለሙያ ተመርምሮ ፈንጂው ሲወጣለት፣ መሣሪያው ሲመክን፣ ከጣሪያ ሥር ገብቶ የሚንከባከበው ሰው ሲያገኝ ነው። ከሚቀልጡት ብዙ ቅሪቶች መካከል አንድ ሁለቱ እንዲህ ቢያዙ ተማሪ ብዙ ይማርባቸዋል። የቲ-55 የፊት ብረት 100 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፤ ነገር ግን ከቀጥታ መስመር 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ስለተጋደመ፣ በአግድም የሚመጣ ጥይት የሚገጥመው 200 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። የ60 ዲግሪ ኮሳይን ግማሽ መሆኑን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረ ልጅ፣ ይህን በሜትር ለክቶ ቢያረጋግጥ አይረሳውም።

የምሥራቅ ጎጃም ገበሬ እርሻው ሲያልቅ ማረሻውን ዝናብ ላይ አይጥልም፤ ጠርጎ ከቤት ያስገባል። ዝገት የሚበላው የተተወን ብረት መሆኑን ከማንም በፊት ያውቃልና። የጦርነትን ብረትም በዚሁ ጥንቃቄ ብንይዘው፣ መጪው ትውልድ አባቶቹ ምን እንደገጠማቸው አደጋ ሳያገኘው በዓይኑ አይቶ ይረዳል።