የመኪና ጭስ ማጣሪያና ሦስቱ ውድ ማዕድናት

ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው ያደሩ ሰዎች ሞተው ተገኙ ሲባል እንሰማለን። የሚገድላቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው ጋዝ ነው። ይኸው ጋዝ ከቤንዚን መኪናም ጭስ ጋር ይወጣል።

ይህን ለመከላከል በሞተሩና በማርሚታው መካከል አንድ የብረት ሣጥን ይገጠማል። ስሙ ካታሊቲክ ኮንቨርተር ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሸክላ አለ። በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ሁሉም አንድ ላይ ቢመዘኑ ጥቂት ግራም ቢሆኑ ነው። ፕላቲነም እንኳ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ወለጋ ውስጥ ዩብዶ በሚባል ቦታ ከአፈር እየታጠበ ሲወጣ ኖሯል።

ማዕድናቱ ራሳቸው አይቃጠሉም። ጭሱ ነክቷቸው ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። ሳይቃጠል ያመለጠው ቤንዚንም ይቃጠላል። ሳንባ የሚጎዳው የናይትሮጅን ጋዝ ደግሞ አየር ውስጥ እንዳለው ተራ ናይትሮጅን ይሆናል። ታዲያ ሣጥኑ ካልጋለ ይህ ሁሉ የለም።

ጭሱ ካልነካቸው አይሠሩምና የሚሸፍናቸው ነገር ሁሉ ጠላታቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. ሞዴል መኪናዎች ላይ ሣጥኑ በብዛት ሲገጠም እርሳስ የሌለው ቤንዚን አብሮ መቅረብ ነበረበት፤ እርሳስ ማዕድኑን ይለብጠዋል። ዘይት የሚበላ ሞተርም እንደዚሁ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል።

ስለዚህ ሣጥኑን መንከባከብ ማለት ሞተሩን መንከባከብ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ካንዴላው ሳይተኩስ ሲቀር ቤንዚኑ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይነዳል። ሸክላው ይቀልጣል፣ መውጫው ይደፈናል፣ መኪናው ዳገት እምቢ ይላል። የሚንተፋተፍ መኪና ይዞ "ግዴለም ይደርሳል" ማለት አያዋጣም። በግፊ ማስነሳትንም ልማድ አናድርገው። የጋለ ሣጥን ደረቅ ሣር ስለሚያቃጥል ሣር ላይ አናቁም።

በ2021 እ.ኤ.አ. የአንድ አውንስ፣ ማለትም የ31 ግራም ገደማ ሮዲየም ዋጋ ወደ 30,000 የአሜሪካ ዶላር ተጠግቶ ነበር። በየአገሩ ሌቦች መጋዝ ይዘው መኪና ሥር የሚገቡት ለዚህ ነው። ባለቤቱ ራሱ አስቆርጦ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ሣጥኑ የወጣለት መኪና መሄዱን ይሄዳል፤ ድምፁ ይጨምራል፣ ጋዙም እንዳለ ይወጣል። የሚተነፍሰው ግን ሾፌሩ ሳይሆን ከኋላ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ነው።