ሲሜትሪ ከግሩፕ አጥር ሲወጣ

ርዝመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ አንድ ሳሎን እኩል በሆኑ ካሬ ሴራሚኮች ተነጥፏል እንበል። ወለሉ ስንት ሲሜትሪ አለው? የተለመደው የሒሳብ መልስ አራት ብቻ ነው፦ እንዳለ መተው፣ በግማሽ ዙር ማዞር፣ ግራና ቀኙን ማገላበጥ፣ ላይና ታቹን ማገላበጥ። ወለሉን በአንድ ሴራሚክ ያህል ወደ ጎን ብንገፋው ጠርዙ ግድግዳውን ያልፋል፤ ስለዚህ አይቆጠርም። አንድም ሴራሚክ ያልተነጠፈበት ሳሎን ቢሆንም መልሱ ያው አራት ነው! ዓይናችን የሚያየው ድግግሞሽ ሁሉ ከስሌቱ ውጪ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ያመጣው ግሩፕ የተባለው የሒሳብ ሥርዓት ሕግ ነው። ፈረንሳዊው ኤቫሪስት ጋልዋ በ1832 (እ.ኤ.አ.) በ20 ዓመቱ ከመሞቱ በፊት እኩልታዎችን ለመመርመር ግሩፕን ተጠቀመ። በግሩፕ ዓይን ሲሜትሪ መላውን ነገር አንቀሳቅሶ በራሱ ላይ መልሶ የሚያሳርፍ ለውጥ ነው፤ ማንኛቸውንም ሁለት ለውጦች ማከታተል ይቻላል፣ እያንዳንዱም መቀልበሻ አለው። ሐሳቡ እጅግ ኃያል ነው፤ ነገር ግን ዳርቻ ላለው ነገር ይጠብባል።

ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ብራንት በ1927 “ማንኛቸውንም ሁለት” የሚለውን ግዴታ አነሳው። እሱ ግሩፖይድ ባለው ሥርዓት እያንዳንዱ ለውጥ መነሻና መድረሻ አለው፤ ቀጣዩ ለውጥ የሚፈቀደው ፊተኛው ካረፈበት ሲነሳ ብቻ ነው። የሒሳብ ሊቁ አለን ዋይንስታይን በ1996 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ሳሎናችን ያለውን ወለል በግሩፖይድ ተንትኖ፣ የጠፋው ድግግሞሽ እንዴት እንደሚመለስ አሳይቷል። በሶቪየት ኅብረት ቪክቶር ዋግነርም በ1952 የአንድን ነገር ከፊል ብቻ የሚያንቀሳቅሱ ለውጦችን አልጀብራ አቅርቦ ነበር።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይምሰላችሁ። እስራኤላዊው ዳን ሼክትማን በ1982 የአሉሚኒየምና የማንጋኒዝ ቅይጥን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር ዙሩን በአሥር እኩል የሚከፍል የነጥቦች ንድፍ አየ። የክሪስታል ሳይንስ ደግሞ ከ2፣ 3፣ 4 እና 6 ክፍል ሌላ አይፈቅድም ነበር። ግኝቱ ለዓመታት ተቃውሞ ቢገጥመውም በ2011 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቶለታል። የእንዲህ ያሉ ቁሶች ሒሳባዊ አምሳያ የሆነው የሮጀር ፔንሮዝ ንጣፍ በየትኛውም አቅጣጫ ቢገፋ በራሱ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ሆኖም ከውስጡ የተቆረጠ ማንኛውም ቁራጭ ያለ ማብቂያ በሌላ ስፍራ ይደገማል። የከፊል ሲሜትሪ ሒሳብ የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ሥርዓት ነው። የፊዚክስ ሊቃውንትም ዛሬ መቀልበሻ የሌላቸውን ለውጦች ሳይቀር ሲሜትሪ ብለው ያጠናሉ።

ግሩፕም አልተሻረም፤ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ አንድ መነሻ ብቻ ያለው ግሩፖይድ ነው።